እውነት ወይስ ተረት? ሳንጠራው ከኮምፒውተሩ ጋር ስለመጣው ሶፍትዌር

አዲስ ላፕቶፕ ከካርቶኑ ወጥቶ ገና ሲበራ፣ ባለቤቱ ያልጫነው ነገር ቀድሞ ገብቶበታል። የሙከራ ጸረ ቫይረስ፣ የአምራቹ «ረዳት»፣ ሁለት ሦስት ጌም፣ የሙዚቃና የፊልም አፕ፣ ከስክሪኑ ጥግ ብቅ እያለ «አሁኑኑ ይመዝገቡ» የሚል ማሳሰቢያ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የሶፍትዌር ኩባንያዎች ምርታቸው በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ እንዲሸጥ ለአምራቾች ይከፍላሉ። በርካሽ ላፕቶፕ የሚገኘው ትርፍ ቀጭን ስለሆነ አምራቹም ይህን ገንዘብ አይንቀውም።

ይህን ጓዝ ለማቅለል የሚሰጠው ምክር ብዛቱ ከጓዙ አይተናነስም። የጥገና ቤቱ ልጅ አንድ ይላል፤ የቴሌግራም ቻናሉ ሌላ ይላል፤ አሜሪካ ያለው የአክስት ልጅ በስልክ ሦስተኛውን ይጨምራል። ከፊሉ ምክር ልክ ነው። ከፊሉ በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ልክ የነበረ ነው። የቀረው መቼም ልክ ሆኖ አያውቅም። ደጋግመው ከሚሰሙት ዋና ዋናዎቹን እያነሣን እንያቸው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኮምፒውተሬ የተንቀራፈፈው ብዙ ፕሮግራም ስላለበት ነው»

ባመዛኙ ተረት። ጓዳ ውስጥ የተደፋ ድስት ከሰል አይፈጅም፤ የሚፈጀው የተጣደው ነው። ዲስክ ላይ ተቀምጦ ማንም ያልከፈተው ጌም ቦታ ይይዛል እንጂ ፕሮሰሰሩንም ራሙንም አይነካም። ዊንዶውስ 10 በ2015 ሲወጣ ብዙ ሰው ካንዲ ክራሽን በስታርት ሜኑ ላይ አይቶ ተበሳጭቷል፤ ብስጭቱ ተገቢ ነው፤ የኮምፒውተሩን መዘግየት በእሱ ማሳበብ ግን ተገቢ አይደለም። በዊንዶውስ 11 ስታርት ሜኑ ላይ ተደርድረው ከሚመጡት ታዋቂ አፖች አንዳንዶቹ እንዲያውም ጭራሹን አልተጫኑም። ምልክታቸው ብቻ ነው ያለው፤ ሲነኩት ነው የሚወርዱት።

የሚያዘገየው ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ሳይጠየቅ አብሮ የሚነሣው ነው። እሱን ለማየት ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማኔጀር ሲከፈት «ስታርትአፕ» የሚለውን ገጽ ይፈልጉ። እዚያ የተዘረዘሩት ከማብሪያው ቁልፍ ጋር ተሽቀዳድመው የሚነሡት ናቸው፤ እያንዳንዱም ጅማሬውን ምን ያህል እንደሚያከብደው ከጎኑ ተጽፏል። የማያስፈልገውን በቀኝ ክሊክ «ዲሴብል» ማድረግ ይቻላል። ፕሮግራሙ አይጠፋም፣ ሲፈልጉት ይከፈታል፤ ሐሳብዎን ከቀየሩም በዚያው ቦታ ይመልሱታል። ከዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ በአደጋ ትንሽነቱም በጥቅም ትልቅነቱም ይህን የሚያህል እርምጃ የለም። የሚገርመው ግን ከሁሉ ያነሰ የሚወራለት እሱ መሆኑ ነው።

አሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክና 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ግን ምንም ቢቀነስለት አይፈጥንም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። ዝቅተኛ ማለት ይነሣል ማለት እንጂ ይሮጣል ማለት አይደለም። እንዲህ ላለው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር አሥር ፕሮግራም ከማጥፋት ይበልጣል። ጠቅላላ ማከማቻው 64 ጊጋባይት ብቻ የሆነ ርካሽ ላፕቶፕ ያለው ሰው ደግሞ የተለየ ነው። ለእሱ ተቀምጦ ያለው ፕሮግራምም ችግር ነው፤ ዲስኩ ሲሞላ ማሻሻያ እንኳ የሚያርፍበት ቦታ ያጣልና ማጥፋቱ ይጠቅመዋል።

«ምልክቱን ከዴስክቶፕ ሰረዝኩት፤ ፕሮግራሙ ጠፋ»

ተረት። የሰረዙት ሾርትከቱን ነው። ሲ ድራይቭ ውስጥ ገብቶ የፕሮግራሙን ፎልደር መሰረዝ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ማራገፊያው ራሱ ብዙውን ጊዜ እዚያው ስለሚቀመጥ አብሮ ይጠፋና በየቦታው የተበተነው ቅሪት ያለ አስወጋጅ ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ በሴቲንግስ ውስጥ «አፕስ»፣ ከዚያ «ኢንስቶልድ አፕስ» የሚለው ነው።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጡ አንዳንድ አፖችን በዚህ መንገድ ሲያስወግዱ የሚጠፉት ከእርስዎ አካውንት ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለልጅዎ አዲስ አካውንት ሲከፍቱ እንደገና ብቅ ቢሉ ኮምፒውተሩ አልታመመም።

«አንኢንስቶል ካደረግኩት አበቃ»

ብዙውን ጊዜ እውነት፤ አንዳንዴ ግን ከባድ ተረት። ለዚህ ከሱፐርፊሽ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሌኖቮ ከ2014 ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ለቤት ተጠቃሚ በሚሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሱፐርፊሽ የተባለ ኩባንያ የሠራውን የማስታወቂያ ሶፍትዌር ጭኖ ይሸጥ ነበር። ሥራው ሰውየው በሚጎበኛቸው ድረ ገጾች ላይ የራሱን የሸቀጥ ማስታወቂያ መሰካት ነው። ቁልፍ ምልክት ያለባቸው የተመሰጠሩ ድረ ገጾች ላይም ይህን ለማድረግ በዊንዶውስ ውስጥ የራሱን ሥር ሰርቲፊኬት አስገባ። ሥር ሰርቲፊኬት ማለት ብሮውዘሩ «ይህ ድረ ገጽ በርግጥ ባንኬ ነው» ብሎ የሚያምንበት የመተማመኛ ማኅተም ነው። ማኅተሙ በእጁ ያለ ሰው ማንኛውንም ድረ ገጽ መስሎ መቅረብ ይችላል።

ነገሩን ያከፋው ማኅተሙ በሁሉም ላፕቶፖች ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ነበር። በፌብሩዋሪ 2015 ጉዳዩ ሲወጣ የደኅንነት ተመራማሪው ሮበርት ግራሃም የማኅተሙን ምስጢራዊ ቁልፍ ከሶፍትዌሩ ውስጥ አውጥቶ የተቆለፈበትን የይለፍ ቃል በሰዓታት ውስጥ ደረሰበት። ቃሉ «ኮሞዲያ» ነበር፤ ከሥሩ ያለውን ቴክኖሎጂ የሠራው ኩባንያ ስም። ከዚያ በኋላ በካፌ ዋይፋይ ላይ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው የእርስዎን ባንክ መስሎ ሊያነጋግርዎ የሚችልበት መንገድ ክፍት ሆነ።

ብዙዎች ሱፐርፊሽን አንኢንስቶል አድርገው ተገላገልን አሉ። ፕሮግራሙ ሄደ፤ ሰርቲፊኬቱ ቀረ። ማለትም ማስታወቂያው ጠፋ፣ አደጋው ቆየ። ሌኖቮ ልዩ ማስወገጃ እስኪያወጣና ማይክሮሶፍት ዲፌንደር በተባለው የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ በኩል ሰርቲፊኬቱን ጭምር እስኪያጠፋው ድረስ ሰው የሚያየው ነገር ስለሌለ የሚጠረጥረውም አልነበረውም። በ2017 ሌኖቮ ከአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንና ከ32 ክፍላተ ግዛት ጋር ጉዳዩን በስምምነት ዘጋ፤ ለክፍላተ ግዛቱም 3.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።

እንዲህ ያለው የሚያጋጥመው በየቀኑ አይደለም። ቢሆንም የኔትወርክ ግንኙነትን የሚነካ ነገር፣ ማለትም «የግብይት ረዳት»፣ «የድረ ገጽ ጠባቂ»፣ ቪፒኤን የመሰለ፣ ካስወገዱ በኋላ የብሮውዘሩን ኤክስቴንሽኖችና የፕሮክሲ ቅንብሩን አንድ ጊዜ ማየት አይከፋም።

«ፎርማት ከተደረገ ሁሉም ነገር ይጠፋል»

ግማሽ እውነት። እኛ ዘንድ ፎርማት የኮምፒውተር ሁሉ ፈውስ ተደርጎ ይታያል፤ ጥገና ቤት ገብቶ ሳይታዘዝ የሚወጣ የለም ማለት ይቻላል። ፍርዱ የሚወሰነው ግን ዊንዶውሱ ከየት ተነሥቶ እንደሚጫን ነው። በላፕቶፑ ውስጥ ከተቀመጠው የአምራቹ የመመለሻ ክፍል ከተጫነ ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል፤ ያ ሁሉ የሙከራ ጸረ ቫይረስና ጌምም አብሮ ይመለሳል። ንጹሕ ዊንዶውስ የሚገኘው ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» የተባለውን በነፃ አውርዶ፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ባለው ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ በመጫን ነው።

«ላይሰንሴስ?» የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ዊንዶውስ ተጭኖበት በሕጋዊ መንገድ የተሸጠ ላፕቶፕ ከዊንዶውስ 8 ዘመን ጀምሮ የላይሰንስ ቁልፉን በማዘርቦርዱ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው። ዲስኩ ሲጸዳ ቁልፉ አይጠፋም፤ ያንኑ ዕትም መልሰው ሲጭኑና ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያረጋግጣል። ይህን ባለማወቅ ሕጋዊ ዊንዶውስ የነበረው ላፕቶፕ ላይ የተሰነጠቀ ቅጂ የሚያስጭን ሰው ሞልቷል። ገንዘብ ከፍሎ የራሱን ንብረት በተሰረቀ መቀየር ማለት ነው።

ከዚህም የጠለቀ አለ። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አምራቾች በማዘርቦርዱ ፈርምዌር ውስጥ አንድ ፕሮግራም አስቀምጠው ዊንዶውስ ሲነሣ እንዲሮጥ የሚያስችላቸውን በር ከፍቷል። በ2015 ሌኖቮ በዚህ መንገድ ተጠቅሞ የራሱን ሶፍትዌር መልሶ ይጭን እንደነበር ታወቀ። ሰዎች ንጹሕ ዊንዶውስ ጭነው የሌኖቮ ፕሮግራም ከየት እንደመጣ ግራ ይጋቡ ነበር። ደካማ ጎን ስለተገኘበት ኩባንያው አገልግሎቱን የሚያጠፋ የፈርምዌር ማሻሻያ አወጣ። በሩ ግን አሁንም አለ፤ ሌሎች አምራቾችም ይገለገሉበታል። ማጥፊያውን መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም በፈርምዌሩ የቅንብር ገጽ ላይ፣ ይፈልጉት።

ከውጭ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠይቅ። ትልልቅ ድርጅቶች የተሰረቀ ኮምፒውተር ለመከታተል «አብሶሉት» ወይም በቀድሞ ስሙ «ኮምፒውትሬስ» የሚባል ሥርዓት ያስነሣሉ። ይህም ፈርምዌር ውስጥ ስለሚኖር ከፎርማት በኋላ ተመልሶ ይጫናል። የቀድሞው ድርጅት ከዝርዝሩ ካላወጣው ላፕቶፑን ከሩቅ ሊቆልፈው ይችላል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የአምራቹ ሶፍትዌር ሁሉ ትርፍ ነው ማለት ግን አይደለም። የታችፓድ፣ የድምፅ፣ የማራገቢያና የኤፍኤን ቁልፎች ድራይቨር ፕሮግራሞች አንዳንዴ በአምራቹ ስም ነው የሚገኙት። «ረዳት» እና «ቅናሽ» የሚለውን ያስወጡ፤ «ድራይቨር» የሚለውን ይተዉት።

«ዊንዶውስ ብሮውዘሩ አይነቀልም ካለ አይነቀልም»

የሚኖሩበትን አገር ይንገሩኝና መልሱን እነግርዎታለሁ።

ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው። ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ከዊንዶውስ 98 ጋር ሰፍቶ ሲያወጣ የአሜሪካ መንግሥት በሜይ 1998 ከሰሰው። የኩባንያው መከራከሪያ ብሮውዘሩ የዊንዶውስ አካል ስለሆነ ሥርዓቱን ሳይጎዱ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ኤድዋርድ ፌልተን በመንግሥት ምስክርነት ቀርቦ ብሮውዘሩን ከእይታ የሚያወጣ ፕሮግራም አሳየ። በ1999 መጀመሪያ ማይክሮሶፍት ያ ፕሮግራም ዊንዶውስን እንደሚጎዳ ለማስረዳት ቪዲዮ አቀረበ። የመንግሥት ጠበቃው ዴቪድ ቦይስ ምስሉን እያስቆመ ሲመረምረው ግን፣ እንደ አንድ ተከታታይ ሙከራ የቀረበው ቪዲዮ ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ላይ የተቀረጸ ሆኖ ተገኘ። ዳኛው ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን በጁን 2000 ኩባንያው ለሁለት እንዲከፈል ወሰኑ፤ በቀጣዩ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መከፈሉን ሻረው፤ ጉዳዩም በስምምነት አለቀ። ብሮውዘሩም በቦታው ቀረ።

አውሮፓ ግን አልተወውም። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 የዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየርን ጉዳይ ጨምሮ በተነሡበት ጥፋቶች 497 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ ሚዲያ ፕሌየር የሌለበት ዊንዶውስም እንዲሸጥ አዘዘ። ዋጋው ከመደበኛው እኩል ስለነበር ገዢ አላገኘም ማለት ይቻላል። በ2013 ደግሞ ለተጠቃሚዎች የብሮውዘር ምርጫ ለማሳየት የገባውን ቃል ስላላከበረ 561 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ። በመጨረሻ የዲጂታል ገበያዎች ሕግ የሚባለው ከማርች 2024 ጀምሮ ተግባራዊ ሲሆን፣ በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ውስጥ የማይክሮሶፍትን የአሁኑን ብሮውዘር ኤጅን በተራ መንገድ አንኢንስቶል ማድረግ ተቻለ።

ስለዚህ ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ያለ ወገናችን ኤጅን እንደማንኛውም አፕ ያስወግዳል። አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለው ግን ያንን ቁልፍ አያገኘውም። ሶፍትዌሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሕግ ነው። «አይቻልም» የሚለው ቃል ከቴክኒክ ይልቅ ከፈቃድ ጋር የተያያዘ መሆኑ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

ከአውሮፓ ውጭ ያለ ሰው ኤጅን በጉልበት እንዲነቅል ግን አልመክርም። ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ጭኖ ዋና ብሮውዘር ማድረግና ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኤጅ አብሮ እንዳይነሣ ከስታርትአፕ ላይ ማሰናከል ይበቃል። በተለይ «ዌብቪው 2» የሚል ስም ያለውን አይንኩ፤ ኤጅ ይመስላል እንጂ እንደ ቲምስና አዲሱ አውትሉክ ያሉ ሌሎች ፕሮግራሞች ገጻቸውን የሚያሳዩት በእሱ ነው።

«ዲፌንደር ያዘገያል፤ አጥፋው። የሙከራ ጸረ ቫይረሱ ይበቃል»

ተረት፤ ያውም የተገላቢጦሽ። መውጣት ያለበት የሙከራ ጊዜው ያለቀበት እንግዳ ነው። ሌላ ጸረ ቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ራሱ ወደ ጎን ይላል፤ እንግዳው ሲወገድ ደግሞ ማንም ሳይነግረው ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ራቁቱን የሚቀርበት ጊዜ የለም። አንዳንድ ጸረ ቫይረሶች በተራው መንገድ ሲወገዱ ቅሪት ስለሚተዉ ሠሪዎቹ ራሳቸው የተለየ ማስወገጃ ያዘጋጃሉ፤ ማክአፊ አንዱ ነው።

ዲፌንደርን አጥፋ የሚል ትእዛዝ ከማን እንደመጣም ያስተውሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከተሰነጠቀ ሶፍትዌር ጋር በተያያዘ የመመሪያ ፋይል ውስጥ ነው። ዘበኛውን አስወጣልኝ የሚል ሰው ለምን እንደፈለገው መጠየቅ ያባት ነው።

«የማላውቀው ሰርቪስ ሁሉ ትርፍ ነው»

ተረት። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ በቀጥታ የሚጎዳ ተረት ነው። በየቦታው «ሊጠፉ የሚችሉ» ተብለው ከሚዘረዘሩት ውስጥ «ሲቲኤፍሞን» የሚባል ፕሮግራም ይገኛል። ስሙ እንግዳ ስለሆነ ቫይረስ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ሥራው በዊንዶውስ ላይ ቋንቋ መቀያየርንና የጽሑፍ ማስገቢያ ዘዴዎችን ማስተናገድ ነው። «ሰ» ላይ አናባቢ ሲጨመር «ሲ» የሚያደርገው የዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድም በዚሁ ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። እሱን ያሰናከለ ሰው በማግሥቱ አማርኛ አልጽፍ አለኝ ብሎ ጥገና ቤት ይሄዳል፤ እዚያም ፎርማት ይደረግለታል።

ፊደሉም እንደዚሁ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ እናውቀው የነበረው ኒያላ ፎንት በዊንዶውስ 10 ከዋናው ጭነት ወጥቶ ወደ አማራጭ ክፍሎች ተዛውሯል። የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶች በሚል ርዕስ ሥር ነው የተቀመጠው። «አማራጭ ክፍሎችን በሙሉ አጥፋ» የሚል ስክሪፕት ያስኬደ ሰው ኒያላንም ያጣል። በኒያላ የተጻፈ የሠርግ መጥሪያ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ሲከፍት በኤብሪማ ወይም በሌላ ፎንት ይታየዋል፤ መስመሩም ይዛነፍበታል። ፓወር ግዕዝን የሚጠቀሙ ፎንታቸው የተለየ ስለሆነ ይህ ላይነካቸው ይችላል።

ሆኖም የማይጠቀሙበትን አብሮ የመጣ ክፍል ማሰናከል ለደኅንነት ጥቅም የለውም ማለት ሌላው ጫፍ ነው፤ እሱም ተረት ነው። ዊንዶውስ በኔትወርክ ላይ ፋይል የሚጋራበት ኤስኤምቢ 1 የተባለ አሮጌ ዘዴ ነበረው። አብዛኛው የቤት ተጠቃሚ ስሙንም ሰምቶ አያውቅም፤ ግን ክፍት ነበር። ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያ በኩል እየገባ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ፤ የብሪታንያ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደረሱ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ሁለት ወር ቀደም ብሎ በማርች 14 ነበር። ያን ማሻሻያ የጫነ ወይም ኤስኤምቢ 1ን ያሰናከለ ሰው ቫይረሱ በዚያ ቀዳዳ ሊገባበት አይችልም ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማይክሮሶፍት ራሱ ክፍሉን ከአዲስ ጭነቶች ማስወጣት ጀመረ። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» ከሚለው መስኮት ውስጥ ምልክቱ እንዳለ አይቶ ማንሣት አሁንም ተገቢ ነው።

«ማጽጃ ፕሮግራም ጫንና እሱ ያጽዳው»

ተረት። የማይፈለግ ሶፍትዌርን ለማስወገድ ሌላ ሶፍትዌር መጨመር ራሱ ያስቃል። የዊንዶውስን የቅንብር መዝገብ፣ ሬጂስትሪን፣ እናጸዳለን የሚሉትን ማይክሮሶፍት በይፋ አይደግፋቸውም። ሬጂስትሪ ውስጥ የቀሩ ጥቂት ቅሪት መስመሮች ፍጥነት አይቀንሱም፤ በስሕተት የተነቀለ አንድ መስመር ግን ዊንዶውስን እንዳይነሣ ሊያደርገው ይችላል።

በዓለም ዙሪያ ከታወቁት ማጽጃዎች አንዱ የሆነው ሲክሊነር በኦገስት 2017 ባወጣው 5.33 ዕትም ውስጥ ሰርጎ ገቦች ጎጂ ኮድ አስገብተውበት ነበር። ፕሮግራሙ የወረደው ከኩባንያው ከራሱ ሲሆን፣ የተበከለውን ዕትም የጫኑት ወደ 2.27 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ነበሩ። ከታወቀ ኩባንያ የወረደው እንዲህ ከሆነ፣ «ዊንዶውስን በአንድ ክሊክ የሚያቀል» ተብሎ በቴሌግራም የሚላከውን፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቀውን ስክሪፕት በአስተዳዳሪ ፈቃድ ማስኬድ ምን እንደሆነ አንባቢ ይፍረደው።

«ዋንድራይቭን አጠፋለሁ፤ ፋይሌ ኮምፒውተሬ ላይ ነው»

ከመንካትዎ በፊት ያረጋግጡ። የማይክሮሶፍት የደመና ማከማቻ የሆነውን ዋንድራይቭን ማስወገድ ይቻላል። ነገር ግን ዊንዶውስ ሲዘጋጅ ዴስክቶፕንና ዶክዩመንትስን በዝምታ ወደ ዋንድራይቭ አዛውሯቸው ሊሆን ይችላል። ከፋይሉ ጎን የደመና ምልክት ካለ ፋይሉ ያለው ማይክሮሶፍት ዘንድ ነው፤ ኮምፒውተርዎ ላይ ያለው ስሙ ብቻ ነው። መጀመሪያ በዋንድራይቭ ቅንብር ውስጥ የመጠባበቂያ ቅጂውን ያስቁሙ፤ ፋይሎቹ በሙሉ ወደ ዲስኩ መውረዳቸውን ይዩ፤ ከዚያ ያስወግዱት። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው የልጁን ፎቶ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል፤ ብዙውን ጊዜ አልጠፋም፣ በአካውንቱ ገብቶ ከድረ ገጹ ያገኘዋል።

«ሪኮል የሁላችንንም ስክሪን እየቀረጸ ነው»

ተረት። ማይክሮሶፍት የስክሪኑን ምስል እየያዘ የሚያስቀምጠውን ሪኮልን በሜይ 2024 ሲያስተዋውቅ የተነሣው ቁጣ ፍሬ አፍርቷል፤ ባለቤቱ ፈቅዶ ካላበራው እንዳይሠራ ተደርጎ ነው በኋላ የወጣው። ያውም የሚሠራው «ኮፓይለት ፕላስ» በተባሉ፣ ልዩ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮሰሰርና ቢያንስ 16 ጊጋባይት ራም ባላቸው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ነው። ቢፈልጉ ክፍሉን ጨርሶ ማስወገድም ይቻላል። በአንጻሩ፣ የቤት ዕትም የሆነው ዊንዶውስ ወደ ማይክሮሶፍት የሚልከውን መሠረታዊ የምርመራ መረጃ ከሴቲንግስ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም። ለቁጣ የሚሆን ነገር ከተፈለገ እዚህ ላይ ነው።

«አፕዴቱን አጥፋው፤ ዳታ ይበላል»

ዳታ መብላቱ እውነት ነው፤ ማጥፋቱ ግን ስሕተት። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው መፍትሔው በዋይፋዩ ቅንብር ውስጥ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ማብራት ነው። ያኔ ዊንዶውስ አብዛኛውን ማሻሻያ ሳያስፈቅድ አያወርድም፤ ያልተገደበ ኢንተርኔት ሲያገኙ ራስዎ ያወርዱታል። በዊንዶውስ አፕዴት ቅንብር ውስጥ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለውንም ይክፈቱ። ያወረዱትን ማሻሻያ ለሌሎች የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ኮምፒውተሮች እንዲያካፍል ተፈቅዶለት ከሆነ የሚያካፍለው በእርስዎ ዳታ ነው፤ ያጥፉት።

የዋናክራይ ሰለባዎች በብዛት የተጠቁት ሁለት ወር የቆየ ማሻሻያ ስላልጫኑ ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ለቤት ተጠቃሚዎች ያዘጋጀው ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚዘልቅ ሲሆን፣ እሱንም የሚያገኘው ከአፕዴት ገጹ ላይ ገብቶ የተመዘገበ ብቻ ነው። ጌሙን ይሰርዙ፣ የሙከራ ጸረ ቫይረሱን ያሰናብቱ፣ ኤጅን ከፈለጉ ይርሱት፤ ዊንዶውስ አፕዴትን ግን እባክዎ አይንኩት።